ቁጥሩን ብቻ አትስጡን፦ ስለ አሚሎይድ ትንበያ ግልጽ ደብዳቤ

የአሚሎይድ ትንበያ ለምትሠሩ ተመራማሪዎች፣ መሣሪያውን ለምታጸድቁ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣ ምርመራውን ለምታዙ ሐኪሞችና የክሊኒክ ኃላፊዎች፤

ይህን የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ማስታወስ እያስቸገረው ወደ እናንተ የመጣ ሰው «አንጎልህ ውስጥ አሚሎይድ የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ እንዲሁ እንዳይሸኝ። አሚሎይድ በአልዛይመር በሽታ አንጎል ውስጥ የሚከማች ፕሮቲን ነው፤ ትንበያው ደግሞ አንጎሉን በስካን ሳያዩ መኖር አለመኖሩን መገመት ነው። ግምቱ በእነማን ላይ ተሞክሮ እንደተሠራ፣ እሱን ለሚመስል ሰው ምን ያህል እንደሚታመን፣ ከዚያ በኋላም ምን እንደሚደረግ አብሮ ይነገረው። እኛ ቤት የደረሰው እንደዚያ አልነበረም።

ሳይንሱን ልቃወም አይደለም የተነሣሁት። እንዲያውም በዚህ ዘርፍ የተሠራውን ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1906 በአንዲት ታካሚው አንጎል ውስጥ ያየውን ክምችት ለባልደረቦቹ ሲያስረዳ ሴትዮዋ አርፈው ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ገደማ ያንን ክምችት በእርግጠኝነት ማየት የሚቻለው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ሆኖ ቆየ። በ1984 ግሌነርና ዎንግ በአልዛይመር ታካሚዎች አንጎል ደም ሥሮች ላይ ከሚከማቸው ነገር ፕሮቲኑን ለይተው አወጡ። ዛሬ ቤታ አሚሎይድ የምንለው እሱን ነው። በ2004 ደግሞ ክላንክ፣ ማቲስና ባልደረቦቻቸው ከአሚሎይድ ጋር የሚጣበቅ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሠርተው፣ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል ውስጥ ክምችቱን በፔት ስካን (ንጥረ ነገሩ የተጣበቀበትን ቦታ በሚያሳይ ምስል) እንዳዩ አሳተሙ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤተሰቦች ለዘመናት «ምን ሆኖ ነው?» እያሉ ሲጠይቁ ኖረዋል። አሁን መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አለ።

ችግሩ መሣሪያው ሁሉም ጋ አለመድረሱ ነው። የመጀመሪያው ንጥረ ነገር የተሠራበት ካርቦን-11 በየ20 ደቂቃው በግማሽ እየቀነሰ ስለሚጠፋ እዚያው አጠገቡ ማምረቻ ይፈልጋል። በኋላ የመጡት በፍሎሪን-18 የተሠሩ ናቸው፤ ግማሹ እስኪጠፋ 110 ደቂቃ ያህል ስለሚቆይ ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ተቻለ። ከእነሱ የመጀመሪያው፣ ፍሎርቤታፒር፣ አሜሪካ ውስጥ በ2012 ጸደቀ። ያም ሆኖ ስካኑ ውድ ነው፤ ባለሙያም ይፈልጋል። ሌላው መንገድ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበውን ፈሳሽ ከወገብ በመርፌ ቀድቶ መመርመር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይሸሻል፤ አልፈርድበትም።

ትንበያ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ዕድሜን፣ የማስታወስ ፈተና ውጤትን፣ ከአልዛይመር ሥጋት ጋር የተያያዘውን አፖኢ የተባለውን ጂን፣ የኤምአርአይ ምስልን፣ አሁን አሁን ደግሞ ታው የተባለውን ሌላ የአልዛይመር ፕሮቲን በደም ውስጥ ያለውን መጠን አንድ ላይ አድርጎ፣ «ይህ ሰው ስካን ቢነሣ አሚሎይድ ይታይበት ይሆን?» ብሎ መገመት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ስካን የማያስፈልገውን ሰው ከመንገላታት ያድናል፤ የሚያስፈልገውን ቶሎ ያደርሰዋል።

ለማን እንደሆነ ግን እናስታውስ። መለስተኛ የማስታወስ ችግር የሚባለው መሃል ላይ ያለ ሁኔታ ነው። ሰውየው ይረሳል፤ ሲፈተን ከእኩዮቹ ያንሳል፤ ግን ራሱን ችሎ ይኖራል። አሜሪካ ውስጥ ባለው በማዮ ክሊኒክ ሆስፒታል ሮናልድ ፒተርሰንና ባልደረቦቹ በ1999 ያወጡት መስፈርት ነው በሰፊው ያስተዋወቀው። ይህ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከጀርባው ገና የጀመረ አልዛይመር ሊኖር ይችላል። የአንጎል ትንንሽ ደም ሥሮች ጉዳት፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የቢ12 ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር ወይም ማስታወስን የሚያደክም መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዱ ወደ ባሰ የመርሳት በሽታ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ለዓመታት ባለበት ይቆያል፤ የሚሻለውም አለ።

በ2015 የብዙ አገር ጥናቶችን አንድ ላይ ያደረገ ትንተና ወጥቶ ነበር። መለስተኛ የማስታወስ ችግር ካለባቸው ሰዎች መካከል አሚሎይድ የተገኘባቸው በ50 ዓመታቸው 27 በመቶ፣ በ90 ዓመታቸው 71 በመቶ ያህል ናቸው ይላል። በ2019 ውጤቱ የታተመው፣ ከ11,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት አይዲያስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከእነዚሁ ታካሚዎች በ55 በመቶ ገደማ ላይ አሚሎይድ አገኘ። ይህ ማለት በእርሳታቸው ምክንያት ወደ ባለሙያ ከተላኩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ አሚሎይድ የላቸውም ማለት ነው። ስለዚህ ማወቁ ይጠቅማል። በዚያው ጥናት ስካኑ ከተነሣ በኋላ መለስተኛ ችግር ካለባቸው በ60 በመቶው ላይ ሐኪሙ የሕክምና ዕቅዱን ለውጧል።

የሐኪም ዓይን ብቻውን እንደማይበቃም ታይቷል። በ2024 ከስዊድን የወጣ፣ 1,213 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት የደም ምርመራውን ከሐኪሞች ግምት ጋር አወዳደረ። አልዛይመርን በመለየት የጤና ጣቢያ ሐኪሞች 61 በመቶ፣ የዘርፉ ስፔሻሊስቶች 73 በመቶ ሲያገኙ፣ የደም ምርመራው 91 በመቶ ያህል ልክ ሆነ። እና «ማሽን ምን ያውቃል» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ያውቃል። ጥያቄዬ የሚጀምረው ካወቀ በኋላ ነው።

ታላቅ ወንድሜ መለስተኛ የማስታወስ ችግር አለብህ ከተባለ በኋላ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ይህ ግምት ተሠራለት። ውጤቱ በአንድ ገጽ መጣ። «የአሚሎይድ ዕድል፦ ከፍተኛ» ይላል። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግን ወረፋው ረጅም ነበር። ወንድሜ «ከፍተኛ ማለት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማሽኑ ያወጣው ነው ተባለ። «ታዲያ አልዛይመር ነው?» አለ። ወደፊት እናያለን ተባለ። ወደ ቤት ስንመለስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። በኋላ ለልጆቹ የነገራቸው «አልዛይመር ነው አሉኝ» ብሎ ነው። ማንም እንደዚያ አላለውም። ግን ሰው ክፍተት ሲሰጠው በሚፈራው ነገር ነው የሚሞላው።

«ከፍተኛ» ስንት እንደሆነ ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳይ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ሌሎች ቤተሰቦችም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። አሚሎይድ ካላቸው 100 ሰዎች 90ውን የሚይዝ፣ ከሌላቸው 100 ሰዎችም 90ውን «የለም» የሚል ምርመራ እንውሰድ። ጎበዝ ምርመራ ነው። አሁን 1,000 ሰዎች ወዳሉበት ክሊኒክ እናምጣው። ከእነሱ ግማሾቹ አሚሎይድ ካላቸው፣ ከ500ው 450ውን ይይዛል። ከሌላቸው 500 ላይ ደግሞ 50ውን በስሕተት «አለ» ይላል። «አለ» ከተባሉት 500 ሰዎች 450ው እውነት ነው፤ 90 በመቶ።

ያንኑ ምርመራ በዕድሜ ለጋ የሆኑ ሰዎች ወደሚበዙበት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እዚያ አሚሎይድ ያላቸው ከ1,000ው 200 ብቻ ናቸው እንበል። ከእነሱ 180ውን ይይዛል። ከሌላቸው 800 ግን 80ውን በስሕተት ይጠራል። «አለ» ከተባሉት 260 ሰዎች እውነቱ የ180ው ነው፤ 69 በመቶ ብቻ። ማሽኑ ያው ማሽን ነው። ደሙ ያው ደም ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቃልም ያው «ከፍተኛ» የሚል ነው። ትርጉሙ ግን በሁለቱ ቦታዎች አንድ አይደለም፤ ለታካሚው ይህን የሚነግረው የለም።

በተቃራኒው ደግሞ አረጋውያን ወደሚበዙበት የስፔሻሊስት ክሊኒክ ሂዱ። ከ1,000ው 700ው አሚሎይድ ካላቸው፣ ምርመራው 70ውን ያመልጣል። «የለም» ከተባሉት 340 ሰዎች ከአምስቱ አንዱ በእርግጥ አለው። «የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይህን ማወቅ የለበትም?

ለተመራማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ሥራችሁን ስታቀርቡ ከሁሉ በፊት የምትጠቅሱት ኤዩሲ የሚባለውን መለኪያ ነው። የሚለካው ሞዴሉ፣ ማለትም ግምቱን የሚያወጣው ስሌት፣ አሚሎይድ ያለውን ሰው ከሌለው በላይ አድርጎ የመደርደር ችሎታውን ነው። ለእናንተ ውድድር ይጠቅማል። ለወንድሜ ግን ጥያቄውን አይመልስም። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «70 በመቶ ካላችኋቸው 100 ሰዎች ውስጥ በእርግጥ 70ው ናቸው ያላቸው ወይ?» ይህን መለካት ይቻላል። አሥር ሰዎችን ሰብስቦ ሳይሆን ብዙ ሰዎችን፣ ሞዴሉ ከዚህ በፊት አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች፣ በሌላ ቦታ። በ2024 የወጣው ትሪፖድ ፕላስ ኤአይ የተባለው የሪፖርት መመሪያም ይህ እንዲዘረዘር ይጠይቃል። እባካችሁ ይህን ቁጥር ከጽሑፋችሁ ኋላ ካለው ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ፊት ለፊት አድርጉት።

ሞዴሉ የተማረው ከማን ነው? ይህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ብዙው የዘርፉ ሥራ በ2004 በሰሜን አሜሪካ በተጀመረው አድኒ በተባለው ጥናት ዳታ ላይ የተመሠረተ ነው። አዘጋጆቹ ዳታውን ለዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ ከፍተዋል። ትልቅ ውለታ ነው፤ ያለ እሱ ይህ ሁሉ ባልተሠራ ነበር። ተሳታፊዎቹ ግን በአብዛኛው ነጮችና ብዙ የተማሩ ናቸው። የአንጎል ደም ሥር ችግር ወይም ከባድ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ከመጀመሪያው አልተካተቱም። ክሊኒክ በር ላይ ተሰልፎ የምታዩት ሰው ግን ደም ግፊት አለው፤ ስኳር አለው፤ ተክዟል፤ አንዳንዱም ትምህርት ቤት ገና በልጅነቱ አቋርጧል። ሞዴሉ ይህን ሰው አያውቀውም። ሳያውቀው ግን በልበ ሙሉነት ቁጥር ይሰጠዋል።

የማስታወስ ፈተናውን ብቻ ተመልከቱ። ውጤቱ በትምህርትና በቋንቋ ይለያያል። ብዙ ያልተማረ ሰው፣ ወይም አፉን ባልፈታበት ቋንቋ የተፈተነ ሰው፣ አንጎሉ ደህና ሆኖ ሳለ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጣል። ሞዴሉ ያንን ዝቅተኛ ነጥብ የበሽታ ምልክት አድርጎ ይደምረዋል። የአፖኢ 4 ጂንም እንደዚያው ነው። ከ1993 ጀምሮ እንደሚታወቀው ይህ ጂን የአልዛይመርን ሥጋት ከፍ ያደርጋል፤ ከአባትም ከእናትም የወረሰው ሰው ላይ ደግሞ የበለጠ። የሥጋቱ መጠን ግን በሁሉም ሕዝብ እኩል አይደለም። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ጉልበቱ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። በአውሮፓውያን ዘሮች ላይ የተማረ ሞዴል ጂኑን የሚመዝነው በእነሱ ሚዛን ነው።

ደሙም ቢሆን ከሰውነት ተነጥሎ የሚነበብ አይደለም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ ውስጥ የታው መጠን ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ክብደቱ የበዛ ሰው ደግሞ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይህ በምርምር የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ቢያንስ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ከጎኑ ሳይኖር የደም ትንበያ ለታካሚ መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ኩላሊት መመርመር ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም።

ተቆጣጣሪዎች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። በግንቦት 2025 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ዓላማ የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቀደ። ሉሚፐልስ ይባላል። ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ምልክትም ለታየባቸው ሰዎች ነው። በቀረበው ጥናት «አለ» ከተባሉት 91.7 በመቶው በፔት ወይም በወገብ ፈሳሽ ምርመራም ተረጋግጦላቸዋል። «የለም» ከተባሉት ደግሞ 97.3 በመቶው። ከ499 ሰዎች መካከል ከ20 በመቶ በታች የሆኑት ደግሞ «አይታወቅም» የሚል ውጤት አገኙ።

እኔ በዚህ ዜና ከሁሉ የወደድኩት የመጨረሻውን ነው። «አይታወቅም» ማለት የሚችል ምርመራ ታማኝ ምርመራ ነው። አንድ መቁረጫ ነጥብ አስቀምጦ ሰውን ሁሉ ከሁለት ጎራ በአንዱ ከማስገባት፣ ሁለት ነጥብ አድርጎ መሃል ላይ ያሉትን «ለእናንተ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» ማለት ይሻላል። ይህ የማንኛውም ትንበያ ሞዴል ግዴታ ይሁን። በኤምአርአይም ይሠራ፣ በደምም ይሠራ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎትም ይሠራ፣ መሃል ላይ ያለውን ሰው በጉልበት ወደ አንዱ ጎን የሚገፋ ከሆነ አታጽድቁት። ስታጸድቁም በማን ላይ እንደተሞከረ፣ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በዘር ሐረግ ተዘርዝሮ ሐኪሙ በሚያየው ገጽ ላይ ይጻፍ። ፋይል ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም።

የአሜሪካው የአልዛይመር ማኅበር በ2025 ያወጣው የሕክምና መመሪያ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል። ለስፔሻሊስቶች የተጻፈ ነው፤ የማስታወስ ችግር ላለባቸው ታካሚዎች። የደም ምርመራ ሌላውን ተክቶ ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ያላቸውንም የሌላቸውንም በመለየት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ይላል። ካላቸው 100 ሰዎች 90ውን፣ ከሌላቸው 100 ሰዎች ግን 75ቱን ብቻ የሚለይ ከሆነ ለማጣራት ያህል ይጠቅማል፤ «አለ» ካለ በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። በወንድሜ ወረቀት ላይ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም። ለማጣራት የተሠራ ነገር እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የተሰጠው።

አሁን ደግሞ አሚሎይድ መኖሩ በእርግጥ ቢታወቅስ? ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ ቢሳሳትም አይፈረድበትም፣ ምክንያቱም አይነገረውም። አሚሎይድ ምልክት ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት ቀድሞ መከማቸት ይጀምራል። ምንም የማስታወስ ችግር የሌለባቸው ሰዎች ላይም ይገኛል። በዚያው በጠቀስኩት የ2015 ትንተና ጤነኞቹ ላይ በ50 ዓመት 10 በመቶ፣ በ90 ዓመት 44 በመቶ ያህል ነበር። ከምልክቱ ክብደት ጋር ይበልጥ የሚሄደው ታው የተባለው ሌላው ፕሮቲን ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው አንጎል ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ችግር አብሮ ይኖራል። አሚሎይድ መኖሩ የበሽታው መባባስ ዕድልን ከፍ ያደርጋል። መቼ እንደሚባባስ ግን አይናገርም። ወንድሜ ከልጅ ልጆቹ ጋር ስንት ዓመት እንደሚጫወት አይናገርም። ይህን በአፍ ለማስረዳት ሐኪሙ አሥር ደቂቃ ቢያገኝ ይበቃዋል።

ሁለት መድኃኒቶች መጥተዋል፤ ትንበያው ያን ያህል የተፈለገውም ለዚህ ነው። ሌካኔማብ አሜሪካ ውስጥ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 ጸደቁ። ሁለቱም አሚሎይድን ከአንጎል ያጸዳሉ፤ ሁለቱም የሚሰጡት አሚሎይድ እንዳለ ለተረጋገጠና በሽታው ገና ለጀመረው ሰው ነው። ሌካኔማብ 1,795 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ በ18 ወር ውስጥ መዳከሙን በ27 በመቶ አዘገየ። በነጥብ ሲሰላ 18 ነጥብ ባለው መለኪያ 0.45 ነው። ያቆማል አልተባለም፤ ይመልሳልም አልተባለም። መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶው አንጎላቸው ላይ እብጠት ታይቷል፤ ካልወሰዱት 1.7 በመቶው። አፖኢ 4ን ከሁለቱም ወላጆች በወረሱት ላይ እብጠቱ ወደ ሲሶው ይደርሳል። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ያልፋል፤ አንዳንዱ ግን ለሕይወት ያሰጋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት መድኃኒቱን ለማጣጣል አይደለም። ለአንዳንድ ቤተሰብ ጥቂት ተጨማሪ ወራት ሁሉም ነገር ናቸው። ነገር ግን ትንበያው የዚህ በር ቁልፍ ከሆነ፣ ስሕተቱ ዋጋ አለው። «ዕድሉ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ በስሕተት የተሸኘ ሰው በጊዜ የሚያገኘውን ሕክምና ያጣል። «ከፍተኛ ነው» የተባለው ደግሞ ሳይረጋገጥ በፍርሃት ይከርማል።

ስለ እነዚያ «የለብህም» ስለሚባሉት ሰዎች ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ስለማይጽፍላቸው። አሚሎይድ የለህም መባል ደስ ይላል። ቤተሰቡ እልል ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሰውየው አሁንም ይረሳል። ያስጨነቀው ነገር አልተነሣለትም፤ የተነሣው የአንድ ምክንያት ጥርጣሬ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም፤ ምክንያቱም የጥናቱ ሰው አይደለም፣ የመድኃኒቱም ሰው አይደለም። ድብርቱን ማን ያክመው? እንቅልፉን ማን ይመርምረው? የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ማን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ይያቸው? ቢ12ው ተለክቷል? መስማት ስላቃተው ይሆን የረሳ የመሰለው? ከእነዚህ ምክንያቶች አንዳንዶቹ በቀላሉ የሚታከሙ ናቸው። ትንበያው «የለም» ሲል ምርመራው አለቀ ማለት መሆን የለበትም።

ለሁሉም የሚጠቅም ምክርም አለ፤ አሚሎይድ ኖረም አልኖረም። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን 14 ሊለወጡ የሚችሉ የሥጋት ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ የመስማት ችግር፣ ደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ኮሌስትሮል፣ ብቸኝነት ከእነሱ መካከል ናቸው። እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ እስከ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል ሪፖርቱ። ይህ ከትንበያው ወረቀት ጋር አብሮ የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ መንገር የሚያነሡት ሙግት አለ፤ «ሰው ይደነግጣል፣ አለመንገሩ ይሻላል» የሚል። አልስማማም። በ2009 የወጣ ሪቪል የተባለ ጥናት ለአልዛይመር ታካሚዎች ልጆች የአፖኢ ውጤታቸውን ነግሮ ነበር፤ ካልተነገራቸው ጋር ሲነጻጸሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ የከፋ ጭንቀት ወይም ድብርት አልታየባቸውም። ግን በፈቃዳቸው የገቡ፣ አስቀድሞ የተመከሩ፣ በኋላም ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ናቸው። ሰው እውነትን ይችላል። የሚከብደው እውነትን ይዞ ብቻውን መቀመጥ ነው።

ስለ ጂኑ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ በቀጥታ ይነካኛልና። ሞዴሉ አፖኢን ከተጠቀመ ውጤቱ የወንድሜ ብቻ አይደለም። እኔም የዚያው አባትና እናት ልጅ ነኝ። ልጆቹም አሉ። ወረቀቱ ላይ ጂኑ ቢጻፍ እኛ ሳንጠየቅ ስለራሳችን አንድ ነገር ተነገረን ማለት ነው። ስለዚህ ደም ከመቀዳቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይቅረብ። ጂንህ እንዲታይ ትፈቅዳለህ? ከታየስ ውጤቱን ራስህ ማወቅ ትፈልጋለህ? «አልፈልግም» ላለ ሰው ያለ ጂኑ የሚሠራ ሞዴል ይዘጋጅለት። ትክክለኛነቱ ትንሽ ቢቀንስም ምርጫው የእሱ ነው።

ውጤቱን መስማት የሚፈልገው ከማን ጋር እንደሆነም ይጠየቅ። የሚረሳ ሰው የተነገረውንም ይረሳል፤ ይህን ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። እንዲያም ሆኖ ውጤት የሚነገረው አንዴ፣ በፍጥነት፣ በቃል ብቻ ነው። በጽሑፍም ይሰጠው፣ በሚገባው ቋንቋ። «ከ100 ሰዎች ውስጥ» እየተባለ ይጻፍ እንጂ «ከፍተኛ»፣ «መካከለኛ» ተብሎ አይታለፍ። መረጋገጥ አለመረጋገጡ ይጻፍ። አሚሎይድ ማለት በአልዛይመር የሚመጣ የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ማለት እንዳልሆነ በአንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።

እና ከገጹ ግርጌ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ይኑር፤ ውጤቱ «አለ»ም ይሁን «የለም»። ከቀጠሮው በፊት ጥያቄ ለሚመጣበት ሰው የሚደውልበት ስልክ ይኑር፤ ስልኩን የሚያነሣ፣ ወረቀቱንም ማንበብ የሚችል ሰው ይመደብለት።

ከአክብሮት ጋር፤
የአንድ ታካሚ እህት